«ድኗል» ብለን ልንመልሰው የነበረው ልጅ

በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ የምንጫወተው ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ይቅርታችሁን ልለምንና ወደ ሌላ ጉዳይ ልውሰዳችሁ። ጉዳዩ የልጅ ነገር ነው። የልጅ ነገር ደግሞ የማይመለከተው ማን አለ?

ይህን ታሪክ ለረጅም ጊዜ ሆዴ ውስጥ ይዤው ቆይቻለሁ። እንዳልጽፈው የያዘኝ ሐፍረት ነው። ለምን ብትሉኝ፣ በታሪኩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ያጠፋሁት እኔው ራሴ ነኝ። አንዱን ጥፋት ባለማወቅና በስስት፣ ሁለተኛውን በድካም አጠፋሁ። ሁለቱም የእህቴን ልጅ ሕይወት ሊያስከፍሉን ነበር። እናንተም ቤት ልጅ አለና፣ የኔ ጥፋት ለእናንተ ትምህርት ከሆነ ይሁን ብዬ ነው ብዕሬን ያነሳሁት።

«ታይፎይድ ነው»

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ምንጃር ነው። ጤፍ አራሽ አግብታ ሦስት ልጆች ወልዳለች። የመጨረሻው ልጅ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ አንድ ቦታ የማይቀመጥ፣ እንደ ግልገል የሚዘል ልጅ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ላይ ግን ጨዋታ ቀነሰ። «እግሬን አመመኝ» ይላል። ማታ ማታ ያተኩሰዋል። ፊቱ ነጣ፣ ከንፈሩ አመድ መሰለ። እግሩና ጀርባው ላይ የበለዘ ምልክት ሲወጣበት አባቱ «የማን ልጅ ነው የመታብኝ?» ብሎ ከጎረቤት ጋር እስከ መጣላት ደርሶ ነበር። እማዬ ደግሞ «ዓይን ነው የበላው» አለች።

ወደ ክሊኒክ ሲወስዱት «ታይፎይድ ነው» ተባለ። መድኃኒት ወሰደ፣ ሻል አለው፣ ተመልሶ ተኛ። ሌላ ቦታ ሄዱ፤ አሁንም «ታይፎይድ ነው»። መስከረም 2013 ላይ ነስር ያዘውና አልቆም አለ። ሌሊቱን ሙሉ ሲደማ አድሮ በማግስቱ እህቴ ልጇን አዝላ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ ከች አለች።

ምን አለፋችሁ፣ ደሙ ሲመረመር በዚያው ዕለት ወደ አንድ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ተላክን። እዚያ ከዳሌው አጥንት መቅኔ ተቀድቶ ታየ። ውጤቱ የደም ካንሰር ሆነ። ሐኪሞቹ «አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኬሚያ» ይሉታል። ልጆችን ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ይኸው ነው።

እህቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ዝም አለች። እኔም ብሆን ካንሰር የትልቅ ሰው በሽታ ይመስለኝ ነበር። የወተት ጥርሱን ገና ነቅሎ ያልጨረሰ ሕፃን ካንሰር ይይዘዋል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም።

እዚያ ክፍል አንዲት ነርስ ነበረች። ስሟን አልጠቅስም፤ ሁላችንም «ሲስተር» ነበር የምንላት። እህቴ አጠገብ ተቀመጠችና እጇን ይዛ እንዲህ አለቻት።

«ስሚኝ የኔ እህት። ይህን ነገር ማንም አላመጣበትም። ከሰው አልተጋባበትም፣ ወደ ሰውም አይጋባም። አንቺ ያጎደልሽበት ነገርም የለም። መቅኔ ማለት ደም የሚሠራበት ቦታ ነው። አሁን እዚያ ቦታ ያልበሰለ ነጭ የደም ሴል ያለ ልክ እየተራባ ጤነኛውን አስወጣው። ቀይ ደም ሲያንስ ልጁ ይነጣል፣ ይደክማል። ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ሲያንስ ይነስረዋል፣ ሰውነቱ ይበልዛል። ጤነኛው ነጭ ሴል ሲያንስ ትኩሳት ይመላለስበታል። አጥንቱ ውስጥ ሲጨናነቅ ደግሞ እግሩን ያመዋል።»

እህቴ ቀና ብላ «እግሬን ሲል... እኔ እኮ ሥራ ጠልቶ ነው ብዬ ተቆጥቼዋለሁ» አለች። ያኔ ነው ያለቀሰችው።

የአልጋ ጎረቤቶቻችን

ሆስፒታል የተኛ ሰው ያውቀዋል፤ በሦስት ቀን ውስጥ ከአልጋ ጎረቤት ጋር ቤተሰብ መሆን አለ። የኮሮና ጊዜ ስለነበር ለአንድ ልጅ አንድ አስታማሚ ብቻ ነበር የሚፈቀደው፤ እኔና እህቴ ተራ እየገባን ነው ያስታመምነው። እናቶቹ ማታ ማታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያንቺስ እንዴት ጀመረው?» እየተባባሉ ሲጫወቱ እሰማ ነበር። ከዚያ የሰማሁትን ለእናንተ ላካፍላችሁ።

አንዷ እናት የሦስት ዓመት ልጇን ገላውን ስታጥብ ነው ሆዱ በአንድ በኩል ጠጥሮ ያገኘችው። አያምውም፣ ይበላል፣ ይጫወታል። የኩላሊት ካንሰር ነበር፤ ዊልምስ ይባላል። ሲስተር ከአልጋው በላይ «ሆዱን አትጫኑ» የሚል ወረቀት ለጥፋ ነበር። ለካ ዕጢው ተጭነውት ቢፈነዳ በሆድ ውስጥ ይበተናል!

ሌላው ልጅ መንጋጋው አብጦ ጥርሱ ተነቃነቀ። ጥርሱን ነቀሉለት፤ እብጠቱ ግን በቀናት ውስጥ እጥፍ ሆነ። ቡርኪት የሚባል የሊምፍ ካንሰር ነው። እንደ እሳት ፈጥኖ የሚያድግ፣ በጊዜ ከተደረሰበት ግን ለመድኃኒት ፈጥኖ የሚሸነፍ ዓይነት ነው አሉን።

በኮሪደሩ ኳስ ሲያባርር የሚውል አንድ ዓይና ልጅም ነበር። እናቱ ማታ በመብራት ስታየው የዓይኑ ብሌን እንደ ድመት ዓይን ነጭ ሆኖ ያበራባት ነበር። ሬቲኖብላስቶማ ይባላል፤ የዓይን ካንሰር ነው። ከዓይኑ ሳይወጣ ስለተደረሰበት ዓይኑ ወጥቶ ነፍሱ ተረፈ። እናቱ «አንድ ዓይን ሰጥቼ ልጄን ገዛሁ» ትል ነበር። ይህን አባባል ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ጥፋቴ

ሲስተር እኛን አስታማሚዎቹን ሰብስባ ታስተምረን ነበር። «እኔ እዚህ ነርስ ነኝ፤ ቤት ስትሄዱ ነርሶቹ እናንተ ናችሁ» ትለናለች። የካንሰሩ መድኃኒት፣ ማለትም ኬሞቴራፒ፣ ፈጥኖ የሚራባውን ሴል ሁሉ ይመታል። ካንሰሩን ሲመታ የአፍና የአንጀት ቆዳን፣ ጸጉርን፣ ጤነኛውን ነጭ የደም ሴልም አብሮ ይመታል። ስለዚህ ልጁ ዘበኛ የሌለው ቤት ይሆናል፤ ማንኛውም ተሕዋስ ዘው ብሎ ይገባበታል።

«እንግዲህ» አለች ጣቷን ቀስራ፣ «ከዚህ ሁሉ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህችን አስታውሱ። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ቀን ይሁን ሌሊት፣ ዝናብ ይሁን ዶፍ፣ ይዛችሁ ኑ። ሽሮፕ ሰጥታችሁ አትጠብቁ።»

ሰማሁ። እንዲያውም ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

አልጋ ጠቦ ስለነበር በሁለተኛው ሳምንት «ከቤት ተመላለሱ» ተባልን። እኔ ጋ፣ በአንዲት ክፍል ቤት፣ ሦስታችን ተጋደምን። አንድ ሌሊት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ልጁ «በረደኝ» አለኝ። ስለካው 38.4። እህቴን አየኋት፤ ከስንት ቀን በኋላ እንቅልፍ ወስዷታል። ኪሴን አሰብኩ፤ በዚያ ሰዓት መኪና መጥራት የሳምንቱን አስቤዛ ይበላል። «ሲነጋ እንወስደዋለን» ብዬ ፓራሲታሞል ሽሮፕ ሰጠሁት። ትኩሳቱም ወረደ። «ጎበዝ ነኝ» ብዬ ተኛሁ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ስነቃ እጅና እግሩ በረዶ ሆኗል። ስጠራው ዓይኑን ገልጦ ያየኛል፤ አያውቀኝም። እንዴት ሆስፒታል እንደደረስን ዛሬም አላስታውስም። ተሕዋሱ ደሙ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። በደም ሥሩ ፈሳሽና መድኃኒት እየገባለት፣ ኦክሲጅን ተደርጎለት፣ በአምስተኛው ቀን ነው «አክስቴ፣ ሻይ» ያለኝ።

ሲስተር ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣችኝም። «ሽሮፑ የቀነሰው ትኩሳቱን ነው፤ ተሕዋሱን አይነካውም። ትኩሳቱ እኮ ጠባቂሽ ነበር፣ ሲጮህ አፉን ያዝሽው» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛው ጥፋቴ

ታዲያላችሁ፣ አንድ ወር ሲሞላው ምን ሆነ መሰላችሁ? ልጁ ተነሣ! ነስሩ ቆመ፣ እግሩን መሬት ረገጠ፣ ጉንጩ ሞላ፣ «ራበኝ» ብሎ ሌሊት ሳይቀር ይቀሰቅሰናል። መቅኔው ዳግመኛ ተቀድቶ ሲታይ «ካንሰሩ አይታይም» ተባለ። እኛ እልል አልን። የምግብ ፍላጎቱና የጉንጩ መሙላት ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት ያመጣው መሆኑን ማን አስቦት! እኛ የታየን ጤና ብቻ ነው።

ጊዜው ኅዳር ነው። ምንጃር የጤፍ አጨዳ ደርሷል። የእህቴ ባል ይደውላል፦ «ልጁ ከዳነ ምን ትጠብቂያለሽ? እህሉ ረገፈ እኮ!» እማዬ ትደውላለች፦ «የቀረውን ጸበል ይጨርሰዋል»። ሐኪሞቹ ግን ሕክምናው ገና መጀመሩ ነው፣ ከሁለት ዓመት በላይ ይቀጥላል ብለዋል። ሁለት ዓመት! እህቴ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እውነቱን ልናገር። ደክሞኝ ነበር። ጽሑፍ ማስረከብ ካቆምኩ ወር አልፎኛል፤ እንደኔ ላለ ሰው ደግሞ ካልጻፉ ገንዘብ የለም። የቤት ኪራይ ደርሷል። ስለዚህ «ሂጂ እታለም፣ ድኗል እኮ» አልኳት። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ያለች አፌን ዛሬም እታዘባታለሁ።

ለመሰናበት ሄድን። እህቴ ሻንጣዋን ይዛ ለሲስተር «እግዜር ይስጥልኝ» ስትላት፣ ሲስተር ሻንጣውን አየችና ወንበር ሳበች።

«ማሳሽ ላይ ሙጃ ይወጣል?» አለቻት።

«አዎ።»

«ላይ ላዩን አጭደሽው ብትሄጂስ?»

«ይበቅላላ! ሥሩ መች ወጣና።»

«የልጅሽም እንደዚያው ነው። አሁን በማይክሮስኮፕ አይታይም ማለት የለም ማለት አይደለም። ሊታይ የማይችል በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ሴል መቅኔው ውስጥ፣ አንጎሉ አካባቢም ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ከጀርባው መርፌ የሚሰጠው፤ ለዚህ ነው ሁለት ዓመት የሚቆየው። አሁን ብታቋርጪው ተመልሶ ይመጣል። ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ መድኃኒቱን ለምዶት ነው የሚመጣው።»

እህቴ ሻንጣውን አልለቀቀችም። ያን ጊዜ ነው አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ታዝላ የገባችው። ዓይኗ ተጎልጉሎ ወጥቶ በፋሻ ተሸፍኗል። ከክረምቱ በፊት ዓይኗ ይውጣ ተብሎ ወላጆቿ «ሴት ልጅ ያለ ዓይን ማን ያገባታል?» ብለው ይዘዋት የሄዱ ናቸው አሉ። አሁን ካንሰሩ ከዓይኗ አልፎ ሄዷል። እናቷ ከእህቴ አጠገብ ተቀመጠችና ማንም ሳይጠይቃት «ዓይኗን ሰስቼ ነፍሷን ሰጠሁ» አለች።

እህቴ ሻንጣውን አስቀመጠች። ለባሏ ደውላ «ጤፉ ይርገፍ» አለችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ጤፉ ግን አልረገፈም። ጎረቤቱ፣ ያ በልጁ ጉዳይ የተጣላው ጎረቤት ሳይቀር፣ በደቦ አጨደለት። የእማዬ የንስሐ አባትም «ሐኪሙም የእግዚአብሔር እጅ ነው፤ ጸበሉ ይቀጥላል፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ» ብለው አስታረቁን።

ለምን ይህን ያህል ጊዜ?

በኋላ ሳነብ ያገኘሁት ታሪክ ልቤን ነካው። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ አንድ ሐኪም በሉኬሚያ የተያዙ ሕፃናትን በአንድ መድኃኒት አክሞ፣ አንዳንዶቹ ተነሥተው መጫወት እንደጀመሩ ለዓለም አስታወቀ። እስከዚያ ድረስ ለዚህ በሽታ መድኃኒት የሚባል ነገር አልነበረም። ግን ደስታው ጥቂት ወራት ብቻ ቆየ፤ በሽታው ተመለሰ። ሐኪሞች ልጆችን በእውነት ማዳን የቻሉት በ1960ዎቹ ብዙ መድኃኒቶችን አንድ ላይ አጣምረው፣ ወደ አንጎል የሚሄደውንም አክመው፣ ለዓመታት ሳያቋርጡ መስጠት ሲጀምሩ ነው። እኛ ምንጃር ላይ ልንሠራው የነበረው ስሕተት እንግዲህ ዓለም ከብዙ ዓመታት በፊት በልጆች ሕይወት የተማረው ነው።

ዛሬ እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መግለጫ፣ በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ። በብዙ ድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። በሽታው አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ዘግይቶ መምጣት፣ «ታይፎይድ ነው» እየተባለ መንከራተት፣ የመድኃኒት እጥረት፣ እና ጀምሮ ማቋረጥ ነው። ድርጅቱ በ2018 እ.ኤ.አ. በጀመረው ዘመቻ በ2030 ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆኑት ልጆች እንዲድኑ አቅዷል።

እማዬ አንድ ቀን «ሥር ቅጠሉንስ ለምን አንሞክርም?» ብላ ነበር። ሲስተር ሳቀችና «እማማ፣ ቪንክሪስቲን የሚባለው መድኃኒቱ እኮ ከማዳጋስካር አበባ የተገኘ ነው። ግን በሚሊግራም ተለክቶ ነው የሚሰጠው። ቤት ውስጥ ቀቅለው ቢሰጡት መርዝ ነው» አለቻት። እማዬም «እንዲህ በሉኛ!» ብላ ዝም አለች።

ለአስታማሚ የሚሆን ምክር

ከሲስተር ከተማርኩት ዋና ዋናውን እነሆ። የእናንተ ልጅ ሐኪም የተለየ ነገር ካዘዘ የእሱን ስሙ።

1ኛ/ በኬሞ ላይ ያለ ልጅ ትኩሳቱ 38 ከደረሰ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት። የመኪና ገንዘብ ለብቻው በፖስታ አስቀምጡ፤ አትንኩት። እኛ ከዚያ ሌሊት በኋላ እንዲያ ነው ያደረግነው።

2ኛ/ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ልጁን የሚጎበኝ ሁሉ ይታጠብ። ጉንፋን የያዘው ጠያቂ በስልክ ይጠይቅ፤ ማንም አይቀየምም።

3ኛ/ ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት፣ ያልበሰለ እንቁላልና ሰላጣ አይቅመስ። በደንብ የበሰለ፣ ያላደረ ምግብ ስጡት።

4ኛ/ አፉ ይቆስላልና ለስላሳ ብሩሽ ተጠቀሙ። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ በቀን ብዙ ጊዜ ይጉመጥመጥ። በርበሬና ሎሚ ይቆይለት።

5ኛ/ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትስጡ፤ ያደማል። በመቀመጫው በኩል ትኩሳት አትለኩ፣ መድኃኒትም አታስገቡ።

6ኛ/ ኩፍኝ ወይም ጉድፍ ከያዘው ልጅ ጋር ከዋለ በዚያው ቀን ንገሩ። በሕክምና ላይ እያለ የክትባት ዘመቻ ቢመጣ መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቁ።

7ኛ/ ኬሞ ከወሰደ በኋላ ለሁለት ቀን ትውከቱንና ሽንቱን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ጓንት አድርጉ።

8ኛ/ ልጁን አትዋሹት። ሲስተር መርፌ ስትወጋው «አያምም» ብላው አታውቅም። «ያማል፣ እስከ አምስት ቁጠርልኝ» ነበር የምትለው። ልጁ እያለቀሰም ይቆጥር ነበር። «ጸጉሬ የት ሄደ?» ሲላትም «መድኃኒቱ ሲያልቅ ተመልሶ ይመጣል» አለችው። እንዳለችውም መጣ።

ገና ያልታመመ ልጅ ያላችሁ ደግሞ የእናቶቹን ጨዋታ አስታውሱ። የማይለቅ ትኩሳት፣ መንጣት፣ ነስር፣ ያለ ምክንያት መበለዝ፣ የአጥንት ሕመም፣ የማያም እብጠት፣ የሆድ መጠጠር፣ በብሌን ላይ ነጭ ብርሃን፣ ጠዋት ጠዋት ራስ ምታትና ትውከት ካያችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ላይሆን ይችላል። ሳይመረመር ግን አይታለፍ። «የደም ምርመራ ይደረግልኝ» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በአገራችን ጥቁር አንበሳ፣ ጅማና ጎንደር የልጆች ካንሰር የሚታከምባቸው ቦታዎች አሉ። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲና የወላጆች ማኅበር የሆነው ተስፋ አዲስም ከሩቅ የሚመጡ ቤተሰቦችን ይረዳሉ። ማረፊያ አጣሁ ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ጠይቁ።

የእህቴ ልጅ ሕክምናውን የጨረሰው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ዛሬም በቀጠሮው እየመጣ ይታያል። በመጣ ቁጥር ሌሊት እነቃና ግንባሩን እዳስሳለሁ። «አክስቴ፣ ተኚ እንጂ፣ ድኛለሁ እኮ» ይለኛል። እኔ ግን ያቺን ቃል ከሐኪሙ አፍ ካልሆነ በስተቀር ከማንም አልቀበልም። ከራሴም ጭምር!

ልጆቻችሁን ይጠብቅላችሁ። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።